የደፈረሰው «ዋዜማ»

ሞንትሪያል፣ የካቲት 9 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አጎቴ ፎርቱኔ ኢስናር፣
ግራስ

ከማያውቋት ሰው ደብዳቤ ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ፤ የሞተ ሰው የለም። ክሌማንስ እባላለሁ። የአጎትዎ ልጅ የባቲስታን የልጅ ልጅ፣ የአውቶቡስ ነጂው የሬሚ ልጅ ነኝ። ሰላምታዬ ይህን ሁሉ በረዶ ተሻግሮ በጤና ያግኝዎ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ እዚህ ትንሽ የሽቶ ቤት አለችን። ሥራችን የጠፉ የፈረንሳይ ሽቶዎችን እንደገና ማስነሳት ነው። ዛሬ ሰው በየሱቁ የሚሸጠው ስኳር ስኳር የሚል ሽታ ሰልችቶት አያቶቹ ይቀቡት የነበረውን መፈለግ ጀምሯል፤ ግማሽ የቀረ አሮጌ ጠርሙስ ለማሽተት ብሎ ባሕር የሚሻገር አለ። እርስዎና አያቴ ባቲስታን ትሠሩበት የነበረውን የግራሱን የብሬሞናል ቤት ሽቶ፣ የ«ዋዜማ»ን ስም፣ አምና ከወራሾቹ በውል ወሰድን። እስከ መስከረም መጨረሻ ሠርተን ካላቀረብነው ስሙ ይመለሳል። ስሙ ከተመለሰ ቤታችን ይዘጋል።

ቀመሩ በእጃችን ነው። በቀመሩ መሠረት ሠራነው፤ ንጹሕ፣ ጨዋ፣ በድን ሽቶ ወጣልን። አያቴ ፊሎሜን ከግራስ ይዛው የመጣችው፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረበት የ1958 ጠርሙስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲከፍቱት አንድ ሰው ገና ከእንቅልፉ ተነስቶ በር የከፈተልዎ ይመስላል፤ የአንገት ሥር ሙቀት አለው። የአሮጌ ጠርሙስ ሰብሳቢዎችም የሚምሉት በዚያ ዓመት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ የ59ኙን አይነኩትም። በመሣሪያ ስናስመረምረው ጥቂት የስብ ምልክት ተገኘበት። መርማሪው «የሰው ጣት ነክቶት ይሆናል» ብሎ አለፈው።

ሌላም ነገር አለ። ጠርሙሱን መስኮት ላይ ረስቼው በብርዱ እንደ ገብስ ውሃ ደፈረሰ፤ ቤት ውስጥ ሲሞቅ መልሶ ጠራ። ለአባቴ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። አያቴ ከብሬሞናል የተባረረው ሽቶው ስለደፈረሰ መሆኑን ያን ዕለት ሰማሁ። «ለዚያ ሰውዬ እንዳትጽፊ» ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩ።

እዚያው ግራስ ያሉ አንድ አምራች ባለፈው ዓመት በአበባው ወቅት በድሮው ዘዴ የጠምበለል አበባ ሽታ ያጠገቡልኝ አሥራ ሁለት ኪሎ ሞራ ነበረኝ። አንድ ሙከራ ሦስት ኪሎ ይበላል። የመጀመሪያው ከሽፏል፤ የሦስት ሙከራ ቀርቶኛል። የዘንድሮው አበባ ለውሉ አይደርስም። የጎደለው ምንድን ነው? ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አክባሪዎ ክሌማንስ


ግራስ፣ መጋቢት 3 ቀን 2014

ለልጄ ለክሌማንስ፣

የከተማችን ጠባቂ የፑይ እመቤታችን ከብርዱ ትሸፍንሽ። እኔ በሰማንያ ዓመቴ ያለ ከዘራ ገበያ እወርዳለሁ፤ ስለ ጤናዬ ይህ ይበቃል።

ደብዳቤሽን በእጅሽ መጻፍሽ ደግ ነው፤ እጅ ጽሑፍሽ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ኬሚስትሪን የተማርኩት ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ በገዛኋቸው አራት መጻሕፍት ነው። ቢሆንም ፊደሌ ይነበባል።

ቀመር ቀመር ነው። ብሬሞናል ቤት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ከቀመር አንዲት ጠብታ አላለፍኩም። ጥፋቱ የቀመሩ ሳይሆን የዕቃችሁ ነው። በእኛ ጊዜ ለቃሚዎቹ ጠምበለሉን ፀሐይ ሳይነካው ያወርዱት ነበር፤ ፀሐይ ያየውን አበባ ሚዛን ላይ አናስቀምጥም። ሴቶቹ በመስታወት ገበታ ላይ በተቀባው ሞራ አንድ አንዱን አበባ በአፉ ደፍተው ይደረድሩታል፤ በማግሥቱ የደከመውን አንስተው ትኩሱን ይተኩበታል። እንዲህ እየተባለ ሁለት ወር ይሄዳል። ሞራው ሲጠግብ በአልኮል ይታጠባል። የዛፍ ሽበቱ፣ ያ ቅርፊት ላይ የሚበቅለው፣ ከባልካን ይመጣ ነበር። ዝባዱ ከሐበሻ አገር በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይመጣል፤ ቀንዱ በሚከፈትበት ቀን ጎረቤት ሁሉ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ዛሬ ግማሹን ሕግ ከልክሎታል፣ ግማሹን ፋብሪካ ይሠራዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በድን ሽቶ ወጣ ብለሽ ትገረሚያለሽ?

ስለ መድፈረሱ የምለው የለኝም። አሮጌ ነገር ይደፈርሳል።

ለመሆኑ ሰማያዊ ክር ያለው ጠርሙስ በስንት ሰው እጅ ይገኛል? የመርማሪውን ወረቀትስ ለሌላ ሰው አሳይተሻል? ይህን ጻፊልኝ።

አባትሽ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሲወለድ አየሁት ማለት ይቻላል።

ፎርቱኔ ኢስናር


ሞንትሪያል፣ መጋቢት 24 ቀን 2014

የተከበሩ አጎቴ ፎርቱኔ፣

መልስዎ ደርሶኛል፤ ጤናዎን እንደተመኙት ያድርግልዎ።

ጠርሙሶቹ በዓለም ሃያ ቢሆኑ ነው። ወረቀቱን ያየነው እኔና ጓደኞቼ ብቻ ነን። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

አባቴ ራት ላይ «ሽማግሌው ምን አለ?» አለኝ። «ቀመር ቀመር ነው አለ» ስለው ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በቤታችን የነበረውን ቀልድ አስታወሰኝ። አያቴ ባቲስታን የማቀዝቀዣውን በር በዘጋ ቁጥር አያቴ ፊሎሜን ከሳሎን ትጮህበት ነበር፦ «ባቲስታን! ይቀዘቅዛል ወይስ እንደ ልማድህ ነው?» ሁላችንም እንስቃለን። እሱም ይስቅ ነበር። ሊሞት አካባቢ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ አንድ ቀን አልሳቀም፤ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። አባቴ እንደሚለው ዕድሜውን ሙሉ የሚደግማት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «ሦስት ቀን ብቻ ነው ያልነበርኩት፤ ሬሚ የተወለደ ጊዜ።»

አጎቴ፣ በእነዚያ ሦስት ቀኖች በአያቴ ቦታ የነበረው ማን ነው? እሱ ይመራው በነበረው የማጣሪያ ክፍል ምን ተደረገ? የምጠይቀው ለሽቶው ነው።

ክሌማንስ


ሞንትሪያል፣ ግንቦት 6 ቀን 2014

አጎቴ ፎርቱኔ፣ በደህናዎ ነው?

ስድስት ሳምንት ሆነ። ፖስታ ቤት ጠየቅሁ፤ ደብዳቤው ደርሷል አሉኝ። ሁለተኛውን ሙከራ በግምት ሠራሁት፤ ያን የስብ ምልክት አምኜ ንጹሕ ሞራ ጨመርኩበት። የቆየ ጥብስ ሸተተ። ባልደረባዬ «ይኼን ተቀብቶ የሚወጣ ሰው ውሻ ይከተለዋል» አለኝ። ሳቅን፤ ግን ስድስት ኪሎ ብቻ ቀረ።

ታመው ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ክሌማንስ


ግራስ፣ ሰኔ 8 ቀን 2014

ክሌማንስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልታመምኩም። ዓይኔ ነው ያስቸገረኝ። ደግሞ እንዳለፈው በፖስታ ካርድ አትጻፊልኝ፤ ፖስታ አዳይዋ ታነባለች።

ለሽቶሽ ይህን ያዢ፦ የእኛ ሞራ የአሳማና የበሬ ነበር፤ ሲነጠር ጥቂት የዕጣን ሙጫ ይገባበታል፣ ያ እንዳይበላሽ ያደርገዋል። የጎደለሽ እሱ ይመስለኛል። ሞክሪው።

ስለ ቀኖቹ ግን አትጠይቂኝ። በብሬሞናል ቤት ሕግ ነበር፦ በሳምንቱ መጨረሻ የክፍሉ አለቃ በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ በርሜል ይፈርማል። የፈረመ ነው የሚጠየቀው። ባቲስታን ፈርሟል። እኔ ሕጉን አላወጣሁትም።

ይልቅ ጠርሙሱን ራሱን ላኪልኝ። በአፍንጫዬ ሳልመረምረው ከዚህ በላይ ልናገር አልችልም።

ፎርቱኔ ኢስናር


ሞንትሪያል፣ ሐምሌ 2 ቀን 2014

የተከበሩ አጎቴ፣

ያሉኝን ሙጫ ሞከርኩ። ሦስት ኪሎ ሄደ። የመቅደስ ሽታ ያለው በድን ሆነ እንጂ ሕይወት አልዘራም። አሁን የቀረኝ ሦስት ኪሎ፣ አንድ ሙከራ ነው።

አባቴ ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። «ያ ሰውዬ አንድ ነገር ወስዶብናል፤ ሁለተኛ አይወስድም» አለ። ቁልፉን ለምኜ ከውስጡ ጥቂት ጠብታ በዚህ ትንሽ ብልቃጥ ልኬልዎታለሁ። ያሽትቱት። ከዚያ ወይ ይንገሩኝ፣ ወይ አላውቅም ይበሉኝና ልተውዎት። ሌላ ሙጫ ግን አይላኩልኝ።

ክሌማንስ


ግራስ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2014

ለክሌማንስ ኢስናር፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ምርቃት ፈልጌ አጣሁ። ያለ ምርቃት ተቀበይኝ።

ብልቃጡን ከፈትኩት። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሽታ ሸሽቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ክር ያለበት ጠርሙስ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አሁን የምጽፈውን ሁሉ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ አታቋርጪኝ።

ሞራው በአልኮል ከታጠበ በኋላ አልኮሉ ሽታውን ብቻ ሳይሆን ጥቂት ስብም ይዞ ይወጣል። ስቡን ለመለየት በማቀዝቀዣ መኪናው ከዜሮ በታች እስከ አሥራ አምስት ዲግሪ እናወርደዋለን፤ ስቡ ይረጋል፣ በወረቀት እናጠልለዋለን፣ ንጹሑ ይወርዳል። የዚህ ክፍል አለቃ ባቲስታን ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሚዛን ክፍል ነበርኩ። መኪናውን እንዲሰጡኝ ሁለት ዓመት ለመንኩ። ከማርሴይ የመጡት የተማሩ ልጆች «ፎርቱኔ በመጽሐፍ ዋና የተማረ ሰው ነው፤ ባሕር አታግቡት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በኅዳር 1957 ፊሎሜን ምጥ ያዛት። ባቲስታን የፋብሪካውን አለቃ ለምኖ በቦታው እኔን አስገባኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተ ከእነዚያ ትሻላለህ፤ ቁጥሩን ብቻ ተመልከት» አለኝና ሮጠ።

በሁለተኛው ቀን መኪናው ቆመ። ማስነሳት አልቻልኩም። ልጆቹ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ፤ አንድ ቃል ብጠራቸው በደቂቃ ይሠሩት ነበር። አልጠራሁም። ያለ መምህር የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ተማሪውም መምህሩም አንድ ላይ ይዋረዳሉ። የጓዳው ሙቀት አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር፤ በዚያው አጠለልኩት። አራት በርሜል፤ የዓመቱ ጠምበለል ሁሉ። ዓይን ሲያየው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር።

ቅዳሜ ባቲስታን መጣ። እንቅልፍ የለውም፣ ፊቱ ግን ያበራል። «ወንድ ነው!» አለኝ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ «ስንት ወረደ?» አለ። «ከዜሮ በታች አሥራ አምስት» አልኩት። ፈረመ።

በቀጣዩ ዓመት ብርዱ ሲገባ ከብርድ አገር ሁሉ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ሽቶው ደፈረሰ፣ ገንዘባችን ይመለስ የሚል። አለቃው ጠሩን። ባቲስታን «ሦስት ቀን አልነበርኩም፤ ፎርቱኔ ነበር» አለ። አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። «መኪናው ሠርቷል?» «ሠርቷል።» ባቲስታን አየኝ። ፊቱን አዙሮ ወጣ። ኩራተኛ ሰው ነበር፤ እንደ እኔ አይደለም፣ እሱ በሚገባው ነበር የሚኮራው። በጥር አባረሩት፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ በር የከፈተለት የሽቶ ቤት አልነበረም። ክፍሉን ለእኔ ሰጡኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዝኩት። አንዲት በርሜል አልደፈረሰችብኝም። ከዚያ ሁሉ ትክክለኛ ሥራዬ የሚበልጠው ያ ስህተት መሆኑን ብልቃጥሽ ነገረኝ።

ሙጫውን የላክሁልሽ እንደማይሆን እያወቅሁ ነው። ሦስት ኪሎሽን የበላሁት እኔ ነኝ።

የጎደለው ይህ ነው፦ አታቀዝቅዢው። አልኮሉን ከሞራው ጋር ሦስት ቀን ካሸሽው በኋላ በአሥራ አንድ ዲግሪ፣ በድርብ ወረቀት አጥልዪውና እንዲያርፍ አምስት ሳምንት ተዪው። ስቡ ቆዳ ላይ ሲሞቅ አበባውን ይይዘዋል። በብርድ ይደፈርሳል፤ ይደፍርስ።

ለአባትሽ አንብቢለት።

ፎርቱኔ


ግራስ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2014

ክሌማንስ፣

አምስት ሳምንት አልፏል። ፖስታ አዳይዋን በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት፤ «አቶ ኢስናር፣ ፍቅር ያዘዎት እንዴ?» ትለኛለች። መልስ አይገባኝም፤ አውቀዋለሁ። ሽቶው ከሸፈ ወይስ ሰመረ፣ እሱን ብቻ ጻፊልኝ። አሥራ አንድ ዲግሪ ነው ያልኩሽ፤ አሥራ ሁለት እንዳይሆን። ወረቀቱ ድርብ ይሁን።

ፎርቱኔ


ሞንትሪያል፣ መስከረም 12 ቀን 2014

ለአጎቴ ፎርቱኔ፣

ጤና ይስጥዎ። ይህን የምለው ስለ ልማድ ነው፤ ከልቤ መሆኑን ገና አላወቅሁም።

ሰመረ። ትናንት ከፈትነው። ባልደረባዬ እጁ ላይ አንጠበጠበ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መስከረም 24 ቀን እናቀርበዋለን። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ «በብርድ ይደፈርሳል፤ ይህ ጉድለቱ አይደለም» የሚል ወረቀት ይገባል። ቤታችን አይዘጋም።

ደብዳቤዎን ለአባቴ በዚያው ሳምንት ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ «እናቴም እኮ አላመነችውም» አለ። «እሷም ጭምር። ማቀዝቀዣውን በዘጋ ቁጥር…» ብሎ ደብዳቤውን አጠፈው። ለአምስት ሳምንት ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም ከእሱ በፊት ልጽፍልዎ አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ መኪና እያጠበ ሳለ በድንገት፦

«ይቅርታ ጠይቋል?»

«በቃሉ አላለም፤ ሁሉንም ግን ነግሮኛል።»

«ለእኔ በደብዳቤ ቢለኝ ምን ያደርግልኛል? አባቴ የተዋረደው በደብዳቤ ነው? በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይናገረው።»

«አባዬ፣ የዚያን ጊዜ ሰዎች እኮ አልቀዋል።»

«የቀሩት ይበቁኛል።»

የብሬሞናል ጡረተኞች በየዓመቱ በጥቅምት አብረው ምሳ እንደሚበሉ ያውቃል፤ አያቴ ባይጋብዙትም በየዓመቱ ቀኑን ይቆጥር ነበር። ለሽቶው አመሰግንዎታለሁ። ለሌላው አባቴ ያለው ነው፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ክሌማንስ


ግራስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014

ለክሌማንስ፣ እንዲሁም ለሬሚ፣

ከዚህ የተላከ ሰላምታ መግቢያ ካገኘ ቤታችሁ ይግባ።

ምሳው ትናንት ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ቀርተናል። በሥጋ የተሞላው ጎመን እንደቀረበ ተነሣሁ። ስቆም ሁሉም ሹካቸውን አስቀመጡ፤ በእነዚህ ምሳዎች ላይ ሰው የሚቆመው የሞተ ሰው ስም ለመጥራት ነው። «በ1957 ማቀዝቀዣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሽቶውን ያጠለልኩት እኔ ነኝ፤ ባቲስታን ኢስናር ንጹሕ ነበር» አልኩ።

ማርስለን፣ ጆሮው የተደፈነ ነው፣ ጎረቤቱን «ማን ሞተ?» አለው።

«ባቲስታን!»

«ባቲስታን? መቼ?»

«በ1991!»

«እና ዛሬ ነው የሚነግረን?»

ሳቁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከማዶ ያለው የቀድሞ ሂሳብ ሹም «የትኛው ባቲስታን? ያ የሣጥን ክፍሉ?» አለ። «የማጣሪያው!» አልኩ። «እሱን አላስታውሰውም» አለና ዳቦውን ቆረሰ። ሁለቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሦስተኛ ጊዜ ጮኼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ መኪናውን፣ አሥራ አንዱን ዲግሪ፣ አለቃው ፊት ያልኩትን። አስተናጋጇ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ጎመኑ እየቀዘቀዘ ነው፤ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ዜፊሪን ነበረች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ አበባውን ገበታ ላይ ከሚደረድሩት ሴቶች አንዷ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት በየምሳው ጎኔ ተቀምጣ በልታለች፤ ጨው የምታቀብለኝ እሷ ናት። አልሳቀችም። ሳህኗን አነሣች፣ በላዩ ብርጭቆዋን አደረገች፣ ፎጣዋን ከጉልበቷ አጠፈች፤ ማንም አልረዳትም። እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እስክንለያይም አልዞረችም።

ለቀጣዩ ዓመት ብኖር እሄዳለሁ፤ በሚያስቀምጡኝ ቦታ እቀመጣለሁ።

ሬሚ፣ የጠየቅኸው ይህ ነው። ሦስት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አንድ ሰው ሰምቶኛል።

ፎርቱኔ ኢስናር